ቀባሪ ያጡ ሙታን፦ ለዕይታ ስለሚቀርብ የሰው አስከሬን

ከአዲስ አበባ በሱሉልታ በኩል የሚወጣው የጎጃም መንገድ ደብረ ሊባኖስን አልፎ፣ ዓባይን ተሻግሮ ጣና ዳር ያደርሳል። ሰበታ ዓለም ገና ላይ ወደ ቡታጅራ የሚታጠፈው መንገድ አዋሽ ወንዝ ዳር ወዳለው የመልካ ቁንጡሬ ቅድመ ታሪክ ሥፍራ ይወስዳል። በአስኮ በኩል ቡራዩ የሚገባው ደግሞ መነሻው ላይ በጳውሎስ ሆስፒታልና በሕክምና ኮሌጁ አጠገብ ያልፋል። በሦስቱም መንገዶች የሄደ ሰው አፈር ያልለበሰ ወይም ከአፈር የወጣ የሰው አካል የሚቀመጥበት ቦታ ይደርሳል። አንዱ ገዳም ነው፤ አንዱ የቅሪተ አካል ሥፍራ፤ አንዱ የአናቶሚ ክፍል።

የሞተ ሰውን አካል ለዕይታ ማቅረብ ይገባል ወይ? ጥያቄው በአውሮፓና በአሜሪካ የሕክምና ሙዚየሞች ውስጥ ጠንክሮ እየተነሳ ነው። እኛ ዘንድ ግን ብዙ ጊዜ የሌላ ሰው ጉዳይ ተደርጎ ይታለፋል። የእኛም ጉዳይ እንደሆነ ማሳየት እፈልጋለሁ። ይህን የምንመዝንበት መለኪያ ደግሞ በእጃችን አለ። ሽማግሌዎቻችን ሲመርቁ «ቀባሪ አያሳጣህ» ይላሉ። ሰው በዕድሩ፣ በማኅበሩ፣ በጎረቤቱ ዕድሜውን ሙሉ የሚደክመው ይህ ምርቃት እንዲደርስለት ነው። ስለዚህ በመስታወት ውስጥ የተኛ ሰው ባየን ቁጥር መጀመሪያ መጠየቅ ያለብን «ይህ ሰው ማን አለው?» ብለን ነው። ስለ እሱ የሚጠየቅ፣ «የእኔ ነው» ብሎ የሚቆም ቤተሰብ፣ ማኅበረሰብ ወይም ተቋም ካለ መታየቱ ክብር ሊሆን ይችላል። ከሌለ ግን ዕውቀትም ሆነ ቱሪዝም በደሉን አይሸፍነውም።

አስከሬን ሳይፈርስ የሚቆየው ለምንድን ነው?

አስከሬን የሚፈርሰው በዋናነት በራሱ አንጀት ውስጥ በነበሩ ባክቴሪያዎችና ከውጭ በሚመጡ ነፍሳት ነው። እነዚህ ሥራቸውን ለመሥራት ውሃ፣ ሙቀትና አብዛኛውን ጊዜ አየር ይፈልጋሉ። ከሦስቱ አንዱ ሲጓደል መፍረሱ ይዘገያል ወይም ጭራሹን ይቆማል።

በደረቅ ዋሻ ውስጥ ነፋስ የሚያገኘው አስከሬን ውሃውን ቶሎ ስለሚያጣ ቆዳው በአጥንቱ ላይ ይደርቃል። በበረዶ ውስጥ የቀረውን ቅዝቃዜው ይጠብቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1991 በኢጣሊያና በኦስትሪያ ድንበር ተራራ ላይ የተገኘው፣ «ኡትሲ» የተባለው የ5,000 ዓመት ሰው እንዲህ የቆየ ነው። ዛሬ በኢጣሊያዋ ቦልዛኖ በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ተኝቶ በትንሽ መስኮት ይታያል። በሰሜን አውሮፓ ረግረጎች ደግሞ አሲዱና የኦክስጅን እጦቱ ቆዳውን እንደ ተለፋ ቆዳ አድርገው ያቆዩታል። እ.ኤ.አ. በ1950 በዴንማርክ የተገኘው የቶሉንድ ሰው የፊቱ መስመር ሳይቀር ይለያል።

አራተኛው መንገድ እርጥብና አየር አልባ መቃብር ነው። እዚያ ስቡ በባክቴሪያና በውሃ ተሰባብሮ ሰም ወደሚመስል ነጣ ያለ ነገር ይለወጣል፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ባክቴሪያ በቀላሉ አይበላውም። ለውጡ ከሳሙና አሠራር ጋር ስለሚቀራረብ በዚህ መንገድ የቆዩ አስከሬኖች በሳሙና ስም ይጠራሉ።

ይህ ሁሉ የሰው እጅ ሳይገባበት የሚሆን ነው፤ ቅባትም መድኃኒትም የለበትም። ሳይንሱ እንዴት እንደቆዩ ይነግረናል። ለምን እንደሚከበሩ የሚነግረን ግን አብሯቸው የሚኖረው ሰው ነው።

የፊላዴልፊያዋ ሴትና የለንደኑ ረጅም ሰው

በፊላዴልፊያ ከተማ በሚገኘው የሙተር የሕክምና ሙዚየም ውስጥ «የሳሙናዋ ሴት» የምትባል አለች። እ.ኤ.አ. በ1875 የአንድ አሮጌ መቃብር ሥፍራ አጽም ሲነሳ ስቧ ሰም ሆኖ ተገኘች። አካሏን ለሙዚየሙ ያመጣው ጆሴፍ ላይዲ የተባለ ታዋቂ የአናቶሚ ሊቅ ነበር። እንዴት እንዳገኛት የሚተረከው ታሪክ የዚህን ጉዳይ ሥር ያሳያል። የመቃብሩ ኃላፊ አስከሬን የሚሰጠው ለዘመድ ብቻ እንደሆነ ሲገልጽለት፣ ላይዲ ጋሪ ተከራይቶ «የአያቶቼን አስከሬን ለዚህ ሰው አስረክቡ» የሚል ወረቀት አስይዞ ላከ ይባላል። ከእሷ ጋር የወጣው ወንድ ወደ ስሚዝሶኒያን ሄደ። ሊቁ በሐሰት ዘመድ ሆነና እውነተኛ ዘመድ የሌላትን ሴት ወሰደ።

የሰጣት ታሪክም አልጸናም። እ.ኤ.አ. በ1790ዎቹ በቢጫ ወባ ወረርሽኝ እንደሞተች ተነግሮ ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በኤክስሬይ ስትታይ ልብሷ ላይ የተገኙት መርፌ ቁልፎችና አዝራሮች ከዚያ በኋላ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተሠሩ ሆኑ። ስሟ አይታወቅም፤ የሞቷ ምክንያትም አይታወቅም። ሰው ግን ትውልድ በትውልድ እየተተካ ፊቷን ሲያይ ኖሯል። ሙዚየሙ እ.ኤ.አ. በ2023 ስብስቡን ከሥነ ምግባር አንጻር እንደገና መመርመር ሲጀምር ብዙ ጎብኚዎቹ ተቆጡ። ለዓመታት የለመዱት ነገር ሊነካ ነበርና።

የለንደኑ ሐንቴሪያን ሙዚየም ታሪክ ከዚህም ይከፋል። ቻርልስ በርን በቁመቱ የታወቀ አየርላንዳዊ ነበር፤ ቁመቱ 2 ሜትር ከ30 ገደማ ይደርስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1783 በ22 ዓመቱ ሊሞት ሲል ሐኪሞች አካሉን እንደሚፈልጉት ስላወቀ ባሕር ውስጥ እንዲቀብሩት ወዳጆቹን ለመነ። ጆን ሐንተር የተባለው ቀዶ ሐኪም ግን ገንዘብ ከፍሎ አስከሬኑን አስወሰደ፤ አጽሙም ከ200 ዓመት በላይ በመስታወት ውስጥ ቆመ። ሙዚየሙ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 ታድሶ ሲከፈት ከዕይታ ወጥቷል። አልተቀበረም ግን፤ ለምርምር ተብሎ ተቀምጧል።

እዚህ ላይ የሌላውን ወገን ክርክር በሙሉ ክብደቱ ማየት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2011 ተመራማሪዎች ከበርን ጥርስ በወሰዱት ዲኤንኤ ለቁመቱ ምክንያት የሆነውን የጂን ለውጥ አገኙ፤ ያው ለውጥ ዛሬ በሰሜን አየርላንድ በሚኖሩ ታማሚዎችም ተገኘ። ይህ ሕይወት የሚያድን ዕውቀት ነው፤ አጽሙ ባሕር ገብቶ ቢሆን ባልተገኘ ነበር። ይሁን እንጂ ዕውቀቱ የተገኘው በጥናት ክፍል እንጂ በመስታወቱ ፊት ቆሞ ከሚያይ ጎብኚ አይደለም። ለምርምር ማስቀመጥና ለዕይታ ማቆም ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። በርን ደግሞ ለሁለቱም እንቢ ብሎ ነበር።

በዋሻና በደሴት ያሉት

ወደ አገራችን ስንመለስ መልኩ ይለወጣል። በላስታ፣ ከላሊበላ ወጣ ብሎ፣ ትልቅ ዋሻ ውስጥ የታነጸው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ዘመኑ 12ኛው ክፍለ ዘመን እንደሆነ ይነገራል። ከሕንጻው ጀርባ፣ የዋሻው ጨለማ ውስጥ፣ የብዙ ሰዎች አጽምና የደረቀ አስከሬን ተደራርቦ ይታያል። ከሩቅ አገር ተሳልመው እዚያው ማረፍን የመረጡ ምዕመናን እንደሆኑና ቁጥራቸው ከ5,000 እንደሚበልጥ የአካባቢው ትውፊት ይናገራል። በላሊበላም ቤተ ጊዮርጊስ ግቢ በግድግዳው በተፈለፈለ ዋሻ ውስጥ የደረቀ አስከሬን እግር ይታያል። ከፍታው፣ ጥላውና ደረቁ አየር ሥራቸውን ሠርተዋል።

በጣና ሐይቅ የዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ደግሞ የነገሥታት ማረፊያ ነው። የይኩኖ አምላክ፣ የዳዊት፣ የዘርአ ያዕቆብ፣ የዘድንግልና የፋሲለደስ አስከሬን በዚያ እንዳለ ገዳሙ ይናገራል። መስታወት ባለው ሣጥን ውስጥ ሆኖ ለጎብኚ የሚታይም አለ። ሴቶች ወደ ደሴቱ አይገቡም። ነገሥታቱን የሚጠብቁት መነኮሳት ስማቸውን በጸሎት እየጠሩ የኖሩ ናቸው።

በውጭ ዓይን ሲታይ ዳጋና ፊላዴልፊያ አንድ ናቸው፤ በሁለቱም ሣጥን አለ፣ መስታወት አለ፣ ውስጡ ሰው አለ። ልዩነቱ ቀባሪው ነው። የዳጋው ንጉሥ ስሙ ይታወቃል፤ የተቀመጠበት ቦታ ለነፍሱ የሚጸለይበት ነው፤ ስለ እሱ ብትጠይቅ መልስ የሚሰጥህ ሰው አለ። የይምርሐናዎቹ ስም ባይታወቅም የሄዱበት ዓላማ ይታወቃል፤ የወሰዳቸው የለም፣ ራሳቸው መጡ።

ያም ሆኖ ሥጋት አለ። የጎብኚ ትንፋሽ የዋሻን አየር ያረጥባል። ፍላሽ ይበራል፣ እጅ ይነካል፣ ለፎቶ ተብሎ ራስ ቅል ቦታው ይለወጣል። ለብዙ መቶ ዓመታት የጠበቀው ደረቅ አየር በጥቂት ዓመታት ውስጥ በጎብኚ ብዛት ሊበላሽ ይችላል። ካህናቱ በእምነት የያዙትን ለመጠበቅ የባለሙያ እገዛ ያስፈልጋቸዋል። እርጥበት መለኪያ፣ ሰው የሚቆምበት ድንበር፣ ፎቶ የሚከለክል ደንብ፣ ያለውን የሚዘረዝር መዝገብ የቅርስ ባለሥልጣንና ቤተ ክህነት አብረው የሚሠሩት ነው፤ ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም።

አጽም ምስክር ሲሆን

ወደ ሱሉልታው መንገድ እንመለስ። ደብረ ሊባኖስ ግንቦት 12 ቀን የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ አጽም ይከበራል። አጽምን ማንሳት፣ ማጀብና በክብር ማሳረፍ በእኛ ባህል በዓል አለው። በ1929 ዓ.ም. ምዕመናን ለዚሁ በዓል በተሰበሰቡበት ጊዜ የፋሺስት ጦር ገዳሙን ከበበ። በግራዚያኒ ትዕዛዝ፣ በጄኔራል ማሌቲ መሪነት መነኮሳቱና ምዕመናኑ በማግሥቱ ወደ ገደሉ አፋፍ ተወስደው ተረሸኑ። የጣሊያን ሰነድ ሟቾቹን በመቶዎች ሲቆጥር፣ ኢያን ካምቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ ያደረጉት ጥናት ከ1,400 በላይ እስከ 2,000 ገደማ ያደርሳቸዋል። በአጽም በዓል የተገደሉት ሰዎች አጽም በሜዳ ቀረ። ስለ እነሱ የመጀመሪያው ፍርድ ማስታወስ ነው፤ ማስታወሱም ቦታቸውን ከማወቅ ይጀምራል።

አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ አጠገብ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ይህንኑ በሌላ መንገድ ያደርጋል። በ1980ዎቹ ዓ.ም. ከጅምላ መቃብር የወጡ አጽሞችና ራስ ቅሎች ከልብሳቸው፣ ከጫማቸውና ከፎቶግራፋቸው ጋር በመስታወት ውስጥ ተደርድረዋል። ቁፋሮውን የአርጀንቲና የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ቡድን አግዟል። ይህ ቡድን በአገሩ የወታደራዊ አገዛዝ ያጠፋቸውን ሰዎች አጽም እየለየ ለቤተሰብ ሲመልስ የኖረ ነው።

አጽም ማሳየትን በጥርጣሬ የምመለከት እኔ እዚህ ሙዚየም ውስጥ ማሳየቱ ትክክል ነው እላለሁ። ገዳዮቹ ያሰቡት እነዚህ ወጣቶች ቀባሪ እንዲያጡ ነበር። ሙዚየሙን ያቆሙት ደግሞ ተራፊዎችና የሟች ቤተሰቦች ናቸው። አስጎብኚው ራሱ ታስሮ የተረፈ ሰው ሆኖ ሲገኝ፣ ራስ ቅሉ ፊት የሚናገረው ስለ ጓደኛው ነው። እዚህ ላይ አሳዪው ዘመድ ነው።

ጠያቂ ያጣ ሬሳ

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው፣ ከሁሉ ወደሚቀርበን ጉዳይ ደረስን። ማንኛውም ሐኪም የልብን ቦታና የነርቭን መስመር የሚማረው ከሰው አካል ነው። ፕላስቲክ ሞዴልም ሶፍትዌርም ሙሉ በሙሉ አይተካውም። ያ አካል ከየት ይመጣል? በአብዛኛው የአፍሪካ አገሮች፣ በእኛም፣ ዋናው ምንጭ በሆስፒታል ሞቶ ጠያቂ ያጣ ሬሳ ነው።

ጠያቂ የሚያጣው ማን እንደሆነ የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ነዋሪ ያውቃል። እነዚህ ከተሞች በአጭር ጊዜ የሰፉት ከየገጠሩ በመጣ ሰው ጉልበት ነው። በፋብሪካው፣ በአበባ እርሻው፣ በግንባታው የሚሠራው ወጣት ስሙን በወጉ የሚያውቁ ሁለት ሦስት ሰዎች ቢኖሩት ነው። ዕድር አልገባም፤ ገና ቋሚ ቤት የለውም። ታሞ አዲስ አበባ ሆስፒታል ቢገባና ስልኩ ቢጠፋ፣ እናቱ ሳታውቅ ሬሳው ማቀዝቀዣ ውስጥ ይከርማል። በሕይወት ሳለ ማንም ያላየው ሰው ከሞተ በኋላ በፎርማሊን ተጠብቆ ስንት ተማሪ ይመለከተዋል። ሐኪም የመሆን ዕድሉ ያልነበረው ሰው የሐኪም ሁሉ መምህር ይሆናል፤ ምስጋናም አያገኝ።

ይህን ማንሳቴ የሕክምና ትምህርት ይቁም ለማለት አይደለም። ሌላ መንገድ እንዳለ ለማለት ነው። በታይላንድ አካሉን ለትምህርት የሰጠ ሰው «ታላቁ መምህር» ይባላል፤ ተማሪዎች ትምህርቱን ሲጀምሩ ይሰግዱለታል፣ ሲጨርሱም በሥርዓት ያቃጥሉታል። በታይዋን የጹ ቺ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሰጪውን ቤተሰብ ያገኛሉ፣ የሕይወት ታሪኩን ይሰማሉ፣ በመጨረሻም አካሉን መልሰው ሰፍተው ሣጥኑን ይሸከማሉ። ሁለቱም ሙታንን በሃይማኖት ሥርዓት የሚሸኙ ሕዝቦች ናቸው።

እኛም ከራሳችን የምንማረው አለ። የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ እ.ኤ.አ. በ2003 ሲቋቋም ሰው ከሞተ በኋላ ዓይኑን አይሰጥም የሚል ብዙ ነበር። ሰጪ ግን ተገኘ፤ በተሰጠ ብሌን ያየ ሰውም አለ። ሰው ሲጠየቅ ይሰጣል፤ ሳይጠየቅ ሲወሰድበት ነው የሚዘረፈው።

ከእኛ የተወሰደው

በውጭ አገር ያሉ ሙታኖቻችንን በተመለከተ አቋማችን ግልጽ ነበር። አጼ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሲሠዉ የእንግሊዝ ጦር ሹማምንት ጸጉራቸውን ቆርጠው ወሰዱ። ጸጉሩ ለንደን በሚገኘው የጦር ሠራዊት ሙዚየም ከቆየ በኋላ መንግሥታችን ጠይቆ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ተመለሰ። ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ በሰባት ዓመቱ ተወስዶ እ.ኤ.አ. በ1879 በ18 ዓመቱ ሊድስ ውስጥ ሞተ፤ በዊንዘር ግቢ ተቀበረ። አጽሙ እንዲመለስ የቀረበውን ጥያቄ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2023 የሌሎችን ዕረፍት ያውካል በሚል አልተቀበለም።

ለአንድ ቁራጭ ጸጉር ይህን ያህል መድከማችን ትክክል ነበር። ያ ጸጉር ሰው ነውና። ስለ ንጉሥ ጸጉር ለንደንን የጠየቅንበት አፍ፣ ስለ አንድ የቀን ሠራተኛ ሙሉ አካል የራሳችንን ኮሌጅ መጠየቅ አለበት። ክብር ለንጉሥ ብቻ ከሆነ ክብር አይደለም።

ዘመድ የማይቀርበው ሩቅ ዘመን

ዘመዱ የማይታወቅ፣ እጅግ የራቀ ሙትስ? በሰበታ በኩል የምንደርስበት መልካ ቁንጡሬ ለዚህ መልስ ይሰጣል። ከ1950ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ እየተጠና ያለው ይህ ሥፍራ የድንጋይ መሣሪያዎችን፣ የጥንት ሰዎችን ቅሪተ አካልና 700,000 ዓመት ገደማ የሆናቸውን የአዋቂና የሕጻናት የእግር አሻራዎች ሰጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2024 ከባልጪት ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ድንቅነሽም እ.ኤ.አ. በ1974 ሐዳር ላይ የተገኘች የ3.2 ሚሊዮን ዓመት ቅሪት ናት። እነዚህን ለሕዝብ ማሳየት ማንንም አይበድልም፤ የሰው ልጅ ሁሉ የጋራ ሩቅ ዘመዶች ናቸው።

እዚህም ቢሆን ግን ጥሩ ልማድ አለን። በብሔራዊ ሙዚየም ሕዝብ የሚያየው የድንቅነሽ ቅጂ ነው፤ ዋናው አጥንት በጥንቃቄ ይቀመጣል። ልጆቻችን ከቅጂው ተምረዋል፣ ኮርተውበታል። ቅጂ ለ3.2 ሚሊዮን ዓመት አጥንት ከበቃ፣ ስሙ ላልታወቀ የትናንት ሰው እንዴት አይበቃም?

ምን ይደረግ?

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን የሙታንን ዕረፍትና ክብር መድፈርን ይቀጣል። የ1992 ዓ.ም. የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስን ይጠብቃል። በሁለቱ መሃል፣ በአናቶሚ ክፍልና በገዳም ዋሻ ያለው የሰው አካል ግልጽ ደንብ ይፈልጋል። ከዳሰሳው የማወጣው ይህን ነው።

አንደኛ፣ የሕክምና ትምህርት ቤቶች በፈቃድ ወደ ተሰጠ አካል ይሸጋገሩ። የሃይማኖት አባቶች ከመጀመሪያው ይጠሩበት፤ ያለ እነሱ ቃል ማንም አካሉን አይናዘዝም። ሁለተኛ፣ እስከዚያው ድረስ ጠያቂ ያጣ ሬሳ ወደ ትምህርት ከመሄዱ በፊት ስሙ፣ ፎቶውና የተገኘበት ቦታ ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን በያዘው በሸገር ከተማ ወረዳዎች፣ በዕድሮችና በአብያተ እምነት ይለጠፍ። በዚህ ብቻ ብዙ እናት ልጇን ታገኛለች። ሦስተኛ፣ ትምህርቱ ሲያበቃ እንደ እምነቱ፣ ካልታወቀም በጋራ ሥርዓት፣ ተማሪዎቹና መምህራኑ ቆመው ይቀበር። አራተኛ፣ ከተሞቹ ለመንገድና ለሕንጻ ሲሰፉ የሚነሳ አጽም ሁሉ ሳይመዘገብና ዘመድ ሳይጠራ አይነሳ። አምስተኛ፣ በገዳማት ያሉት ባሉበት፣ በጠባቂዎቻቸው እጅ ይቆዩ፤ ለጎብኚ ድንበር ይደረግ።

የሱሉልታ፣ የቡራዩና የሰበታ ዕድሮች ዛሬ ድንኳንና ወንበር ከማከራየት አልፈው አንድ ነገር ሊጀምሩ ይችላሉ። በወር ጥቂት ብር እያዋጡ በአካባቢያቸው ጠያቂ አጥቶ የሞተን ሰው መቅበር ይቻላል። ይህን የሚያደርግ ዕድር ለአባሉ ብቻ ሳይሆን ለከተማው ሁሉ ቀባሪ ይሆናል። ያን ጊዜ በየትኛውም የዓለም ሙዚየም ቆመን «የእኛን ሰው መልሱ» ስንል ቃላችን ክብደት ይኖረዋል።